ከጨንቻ የወረደው ቡላ

ስለ ሕፃን ልጅ ካካ ደግሞ ገጠመኝ ይጻፋል እንዴ እንዳትሉኝ። ከመውለዴ በፊት እኔም እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ሰበብ ፈልጌ የምነሣ ሴት ነበርኩ። ሁለት እናቶች ተገናኝተው «ዛሬ ካካ አለ?» «አለ፣ ተመስገን» ሲባባሉ ስሰማ፣ ሌላ ጨዋታ ጠፍቶባቸው ነው ወይ እል ነበር። እግዜር አሳየኝ። በዕድሜዬ ከጸለይኩት ጸሎት ሁሉ ከአንጀቴ የጸለይኩት፣ ልጄ ዳይፐሩን እንዲያቆሽሽልኝ ነው።

ምሕረት እባላለሁ። ነገሩ ሲሆን ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ከባለቤቴ ከዳዊት ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እንኖር ነበር ልበል እንጂ ዳዊት ምዕራብ ዓባያ አስተማሪ ስለሆነ ዓርብ መጥቶ ሰኞ በማለዳ ይመለሳል። የሳምንቱን መሐል ቀኖች እኔና ልጃችን ናታን ብቻችንን ነን። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነበር የምሠራው። ናታን ሦስት ወር ካሥር ቀን ሆኖት፣ የወሊድ ፈቃዴም እያለቀ ነበር።

እናቴ ከጨንቻ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ወጣ ብላ ባለች መንደር ትኖራለች። እኛ ቤት እናት «አዮ» ነው የምትባለው፤ እኔም እስከ ዛሬ አዮ ነው የምላት። ከሲቀላ ቀና ብላችሁ ወደ ተራራው ስታዩ፣ ደመናው የተኛበት ቦታ አለ። እዚያ ነው የእኛ ቤት። እኔ በሙቀት እየቀለጥኩ ልብስ ሳሰጣ፣ አዮ እዚያ ላይ ጋቢ ደርባ እሳት ዳር እንደተቀመጠች አውቃለሁ። በሚኒባስ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ግን አንድ ዓመት ተኩል አልተያየንም ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ዳዊትና እኔ ሽማግሌ ሳንልክ ነው የተጋባነው። እሱ ኦርቶዶክስ ነው፣ እኛ ጴንጤዎች ነን፤ አዮ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኗ የሴቶች ጸሎት መሪ ናት። «እምቢ ትለናለች፤ እምቢ ካለች በኋላ ብንጋባ ደግሞ የባሰ ነው» አልኩት። እሱ «እስኪ እንሞክር» ቢለኝም እኔ ነኝ የከለከልኩት። ማዘጋጃ ቤት ሄደን ፈረምን፣ ከጓደኞቻችን ጋር ዓሣ በላን፣ አለቀ። በማግስቱ ደወልኩላት። «ተጋባሁ አዮ» ስላት ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱንም አላነሣችም። አራተኛውን አልሞከርኩም። እኔም የእሷ ልጅ ነኛ፣ እልኸኛ።

ሳረግዝ የምታውቅበት መንገድ አልነበረም። ልክ በወለድኩ በሁለተኛው ሳምንት ግን ጋሽ ቶማ ደወለልኝ። ጋሽ ቶማ የሰፈራችን ሰው ነው፤ በጨንቻና በአርባ ምንጭ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። «ነዪ መናኸሪያ፣ እናትሽ ዕቃ ልካለች» አለኝ። ናታንን አዝዬ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። በደረቅ የእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ፣ በእንሰት ቃጫ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ነገር ሰጠኝ። ቡላ ነው። እሽጉን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ መናኸሪያው መሐል ቆምኩ። የቤታችን ሽታ ነበረው።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ምንም አላለች።»

«ምንም?»

«ወለደች ብዬ ነገርኳት። ሁለት ቀን ቆይታ ይሄን ሰጠችኝ። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል ካለች ምላሴ ይቆረጥ!»

ለማታውቁት፣ ቡላ እንሰት ተፍቆ ሲጨመቅ ከውሃው ሥር የሚዘቅጠው ነጩ ነገር ነው። ከአንድ ትልቅ እንሰት የሚወጣው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ለማንም አይሰጥም። ይህን ስመለከት ወዲያው ገባኝ፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ። አዮ እኔን ይቅር አላለችኝም፤ ለልጅ ልጇ ግን አንጀቷ አልቻለም። ስጋባ ዝም፣ ልጁ ሲወለድ ቡላ። ከዚህ የበለጠ ምን ይነገረኝ? ቅር አለኝ፤ ደስም አለኝ። በሱ በኩል ቢሆንም የእጇን ነገር አገኘሁ። ቡላውን ለሱ ብዬ ከአልጋው ሥር ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኩ። በወሩ ሁለተኛው መጣ። ከዚያም ሦስተኛው። ሁሉንም አስቀመጥኩለት። እኔ ሽሮዬን እበላለሁ።

ናታን ሦስት ወር ሲሞላው ትዕግሥቴ አለቀ። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ እንደሚባል አውቃለሁ፤ ክትባት ስንሄድ ሁሌ ይነግሩናል። ግን አዮ ልካለች፤ አዮ የላከችውን የልጅ ልጇ ሳይቀምሰው ሊቀር ነው? ቅቤ ጠብ አድርጌ፣ ቀጠን አድርጌ አበሰልኩና በትንሿ ማንኪያ ሰጠሁት። ምላሱን እያወጣ ላሰው። እኔ አለቀስኩ። አንድ ማንኪያ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ በትንሿ ኩባያ ሆነ። በየቀኑ ጠዋት እሱን ስሰጠው፣ እናቴ ከጎኔ ቁጭ ያለች ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለልጁ ሳይሆን ለራሴ ናፍቆት ነው የማበላው።

ቡላ ከጀመርኩለት በሦስተኛው ቀን አካባቢ የናታን ካካ ቆመ። መጀመሪያ ልብ አላልኩም። ካካው በቆመ በአራተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ዳዊት ከሄደ በኋላ፣ የቤት አከራያችን እትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ ስታገኘኝ፣ «አንቺ፣ ሰሞኑን የዚህ ልጅ ጨርቅ ገመድ ላይ አላየሁም፤ ምነው?» አለችኝ። እትዬ አስካለ ስድስት ልጅ ያሳደገች፣ ከግቢው ሁሉ ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ የምትቆጥር ሴት ናት። ስነግራት ደረቷን መታች። «አራት ቀን! አራት ቀን ይዘሽው ትዞሪያለሽ!»

ማክሰኞ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ሲስተሯ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ፊቷ የማይፈታ፣ ግን እጇ ለስላሳ የሆነች ሴት ናት። አልጋው ላይ አስተኝታ ሆዱን በጣቶቿ ዳበሰች።

«ከጡት ውጭ ምን ሰጥተሽዋል?»

«ምንም።»

አያችሁ፣ አፌ ከእኔ ቀድሞ ነው የመለሰው። ቡላ ብል፣ ማን አመጣው ትለኛለች። እናቴ ብል፣ «እነዚህ የገጠር አያቶች!» ብላ ቆጣ ትላለች። ባለፈው ክትባት ላይ አንዲት አያትን በተራ ጠባቂ ሁሉ ፊት ስትቆጣ በዓይኔ አይቻለሁ። እናቴ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ያደረገችልኝ አንድ ነገር ቢኖር ያ ቡላ ነው፤ እሱን ለወቀሳ አሳልፌ መስጠት አልቻልኩም።

ሲስተሯ ቀና ብላ አየችኝ። «ውሃ? የላም ወተት? አብሽ? ጤና አዳም? ምንም ምንም?»

«ጡት ብቻ ነው ሲስተር።»

«ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ሲወጣም ለስላሳ ነው። አትደንግጪ» አለችኝ። «ግን ሆዱ ጠንከር ብሎብኛል። በደንብ አጥቢው፣ እግሩን እንዲህ እንደ ብስክሌት አንቀሳቅሺለት። ሆዱ ከተነፋ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ አረንጓዴ ነገር ካስመለሰው ወይ ደም ካየሽ ግን ሰዓት ሳትቆጥሪ አምጪው።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። እቤት ስደርስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ቡላ አበሰልኩ። ሳቁብኝ፣ ይገባኛል። በእኔ ቤት ቡላ ልስልስ ነው፤ ልስልስ ነገር ደግሞ የደረቀውን ያንሸራትታል ብዬ አሰብኩ። ቅቤውን ጨመር አደረግሁና ሁለት ማንኪያ ትርፍ ሰጠሁት። ረቡዕም ደገምኩት።

ሐሙስ ማለዳ ናታን ሌላ ልጅ ሆኖ ነቃ። ጡቴን ያዝ ያደርግና ይተወዋል። ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ፊቱ እስኪቀላ ያምጣል፣ ከዚያ በቀጭኑ ያለቅሳል። ሆዱ እንደ ከበሮ ሆኗል። ስድስት ቀን አልፎ ሰባተኛው ነው። አዝዬው ግቢውን ዞርኩ፣ ግቢው ውስጥ ካለችው ማንጎ ጥላ ሥር ቁጭ አልኩ፣ ተነሣሁ፣ እንደገና ዞርኩ። የማደርገው ጠፋኝ። ዳዊት ክፍል ውስጥ ነው መሰለኝ ስልኩን አያነሣም።

እትዬ አስካለ ከቤቷ ወጣች። በእጇ ከልብስ ሳሙና ላይ ቆርጣ፣ እንደ ክብሪት እንጨት አቅጥና የሞረደችው ነገር ይዛለች። በቅቤም ቀብታዋለች።

«አምጪው እዚህ። አንቺ እግሩን ያዥ፣ እኔ ቀስ አድርጌ አስገባለታለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስድስቱንም በዚሁ ነው ያሳደግኳቸው።»

«አያመውም እትዬ?»

«አሁን ካለበት ይብሳል? ልጁ እኮ እየፈነዳ ነው!»

ጭኔ ላይ አጋድሜ ዳይፐሩን ፈታሁ። ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶቹን ያዝኩ። ናታን ማልቀሱን ድንገት አቆመና አየኝ። ለምን እንደያዝኩት አልገባውም፤ ግን እኔ ስለሆንኩ የያዝኩት ዝም አለ። ያ አስተያየቱ አንጀቴን በላው።

«ቆይ እትዬ፣ አንዴ እናቴን ልጠይቃት።»

እትዬ አስካለ እጇ አየር ላይ ቀረ። «እናት አለሽ እንዴ?»

ከተጋባን ጀምሮ አንድ ግቢ ኖረናል። አንድም ቀን የአዮን ስም አንሥቼ አላውቅም ነበር። ሦስቱን የቡላ እሽግ ይዤ ስገባ «ዘመድ ነው የላከልኝ» ብያታለሁ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁና ስልኬን አነሣሁ።

ደወልኩ። ይጠራል። እንደምትዘጋው እርግጠኛ ነበርኩ። ተነሣ። ግን ድምፅ የለም። ናታን እንደገና ማልቀስ ጀመረ። አዮም በጋሞኛ፣ «ማን ነው የሚያለቅሰው?» አለች።

ድምፅዋን ከሰማሁ አንድ ዓመት ተኩል።

«ልጄ ነው አዮ።»

«ምን ሆኖ?»

«ሆዱ ደርቆ። ሰባት ቀኑ ነው፣ አልወጣለትም። አዮ፣ እኔን በሕፃንነቴ ቡላ ስታበዪኝ ስንት ማንኪያ ነበር? አብዝቼበት ይሆን?»

«ቡላ ለማን?»

«ለናታን። የላክሽለትን።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«ለዚያ ለጨቅላ ቡላ ሰጠሽው?» አለች ቀስ ብላ። «ምሕረት፣ እኔ ለእሱ ምንም አልላክሁም።»

አልገባኝም። ይሄንንም ነሳችኝ ብዬ ነው መጀመሪያ ያሰብኩት።

«ጥርስ ለሌለው ልጅ ቡላ የሚልክ ማን አለ? የወለድሽው አንቺ ነሽ። የምታጠቢው አንቺ ነሽ። ጀርባሽ እንዲጠና፣ ጡትሽ እንዲሞላ ላንቺ ነው የላክሁት። አልበላሽም?»

«አልበላሁም።»

«ሦስቱንም?»

«ለሱ መስሎኝ አስቀመጥኩለት።»

አዮ ሲከፋት አታለቅስም፤ ረጅም ትንፋሽ ትስባለች። ያን ትንፋሽ ሰማሁት። እኔ ግን ማንጎዋ ሥር፣ አንድ እጄ የልጄን እግር እንደያዘ፣ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅሁ። እትዬ አስካለ የሞተ ሰው ያለ መስሏት «ምን አሉሽ? ምን አሉሽ?» ትለኛለች።

«ስሚኝ» አለች አዮ። «ሐኪም ዘንድ ወስደሽዋል?»

«ወስጄዋለሁ። ግን ቡላውን አልነገርኳትም። አንቺን ትወቅሳለች ብዬ።»

«እኔን?» ድምፅዋ ወደ ድሮው ተመለሰ፤ ያ የሚቆጣው። «እኔ ብወቀስ ምን እሆናለሁ? ተነሺና ሂጂ! ያበላሽውን አንድ በአንድ ንገሪያት። ሌላ ምን አድርገሽዋል?»

«ሳሙና ሊገባለት ነበር።»

«ሳሙና! ዓይንሽ ውስጥ ሲገባ እንዴት ነው የምትጮሂው? የእሱስ ሥጋ ሥጋ አይደለም? ተነሺ አልኩሽ!»

ተነሣሁ። እትዬ አስካለ ሳሙናዋን ወደ ባልዲው ወርውራ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ እኔ ሳልጠራት ባጃጅ ለማስቆም ወደ በሩ ሮጠች። መንገዱን ሙሉ «እናት እያለሽ!» ስትለኝ ሄደች።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሲስተሯ ገና ሆዱን ሳትነካ አወቀችው። ጠየቀችኝ፣ እኔም ሳትጨርስ መለስኩ።

«ቡላ ሰጥቼዋለሁ። በየቀኑ፣ አሥር ቀን ያህል። ማክሰኞ ዋሽቼሽ ነው።»

«ሁለቴ ነው የጠየቅሁሽ» አለች።

«እናቴ ስለላከችው ነው። እንድትወቅሺያት አልፈለግሁም።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ጓንቷን አጠለቀች። «እኔ እናት ለመውቀስ አይደለም እዚህ የተቀመጥኩት» አለች። «ምን እንደበላ ካልነገርሽኝ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማክመው። ማክሰኞ ብትነግሪኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ባልተሠቃየ።» ይህን በዝግታ ስለተናገረችው ከቁጣ የበለጠ አሳመመኝ።

ትኩሳቱን ለካች። ያስመለሰው እንዳለ፣ ፈስ እንደሚወጣለት ጠየቀች። ወገቡንና መቀመጫውን በደንብ አየች። ከዚያ ግሊሰሪን የሚባል ትንሽ ነገር ቆርጣ በመቀመጫው ሰጠችው። «ይሄን እኔ አይቼው ነው የሰጠሁት፤ እቤት ራስሽ እንዳትሞክሪው» አለች። የእኔን እጅ ያዘችና በእምብርቱ ዙሪያ፣ በሰዓት አቅጣጫ፣ እንዴት እንደምዳብሰው አሳየችኝ። «አሁን ውጪ ቁጭ በይና ጠብቂ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ለክትባት የመጡ አምስት ስድስት እናቶች አሉ። እትዬ አስካለ የናታንን ጉዳይ ለሁሉም አስረድታ ስለጨረሰች፣ ሁሉም ወደ እኛ ዞረው ይጠብቃሉ። አንዷ «ጉልበቱን ገፋ አድርጊለት» ትላለች፣ ሌላዋ «ተዪው ያምጥ» ትላለች። ናታን ቀላ፣ አማጠ፣ ጮኸ። ዳይፐሩን ገልጬ አየሁ፤ እንደ ጠጠር ጠንከር ያሉ ሁለት ሦስት ነገሮች ወጥተዋል። ቀጥሎ ልክ የኩልፎ ወንዝ ውሃ እንደተለቀቀ ሆነ። ዳይፐሩ አልበቃውም፤ ቀሚሴ ላይ፣ አግዳሚው ላይ፣ የእትዬ አስካለ ነጠላ ጫፍ ላይ ሳይቀር ደረሰ። አንዷ እናት እልል አለች። ሌሎቹ ተቀበሏት። ሲስተሯ ከበሩ ብቅ ብላ ስታየን፣ ያ የማይፈታው ፊቷ ተፈታ።

እኔ እየሳቅሁ አለቅሳለሁ። ናታን ደግሞ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ጡቴን ይፈልጋል።

ሲስተሯ ቡላውን ጨርሶ እንዳቆም፣ ስድስት ወር እስኪሞላው ጡት ብቻ እንዳጠባው፣ በሁለተኛው ቀን እንዳሳየው ነግራኝ ተለያየን። ልንወጣ ስንል ጠራችኝና፣ «ቡላው ግን ግሩም ነገር ነው። ብዪው እንጂ አንቺ፤ ከስተሻል» አለችኝ። እትዬ አስካለ በክርኗ ነካችኝ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት አካባቢ ናታን ጠግቦ ተኝቷል፣ እኔ ቀሚሴን እያጠብኩ ነው። የግቢው በር ተንኳኳ። ጋሽ ቶማ ነው ቀድሞ የገባው። ከኋላው፣ በዚያ ሙቀት፣ ወፍራም ጋቢዋን እንደደረበች፣ ጫማዋ ላይ የሰፈራችን ቀይ ጭቃ እንደደረቀ፣ አዮ ገባች። አጥራለች። ወይ እኔ በሐሳቤ አርዝሜያት ኖሯል።

የአዮ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም። እትዬ አስካለን አየቻትና አንገቷን አቅፋ፣ «አንተ ልጄን ጠበቅህልኝ፣ ጌታ ይባርክህ» አለቻት። እትዬ አስካለ «አሜን፣ አሜን» እያለች እንባዋን ጠረገች። ስለ ሳሙናው ማንም ትንፍሽ አላለም።

እኔ በአረፋ እጄ ቆሜያለሁ። አዮ ወደ ልጁ የምትሄድ መስሎኝ ከመንገዷ ዞር አልኩላት። አልሄደችም። ፊት ለፊቴ ቆማ አገጬን በጣቷ ያዝ አድርጋ ግራና ቀኝ አዞረችኝ፤ ድሮ ከትምህርት ቤት ተደባድቤ ስመለስ እንደምታየኝ።

«ቡላው የት ነው?»

«ከአልጋው ሥር።»

ካርቶኑን ጎትታ አወጣችው። ሁለቱ እሽጎች እሷ እንዳሰረቻቸው ናቸው፤ ሦስተኛው ብቻ ተነክቷል። ቃጫውን በጣቷ ነካካችው። ከዚያ ምድጃውን ለኮሰች፣ ውሃ ጣደች፣ ቡላውን በጠበጠች። እኔ ልርዳት ብል «ቁጭ በይ» አለችኝ። ወፍራም አድርጋ ሠራችው፣ መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤ አፈሰሰችበት፣ ፊቴ አስቀመጠችው።

ሦስተኛው ጉርሻዬ ላይ ስደርስ ነው የተናገረችው። ዓይኗን ከእሳቱ ሳታነሣ።

«ሽማግሌ ቢመጣ እሺ እል ነበር።»

ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩት።

«ስለ ባልሽ ገና ሳትጋቡ ጠይቄ ነበር፤ ጋሽ ቶማን ጠይቂው። ደህና ልጅ ነው አሉኝ። እንጨት ፈልጬ፣ አጥሩን አሳድሼ፣ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነበር። እምቢ ልል አይደለም። ‹ልጅሽን ስጪን› ሲሉኝ መስማት ፈልጌ ነው። አንድ ልጅ ነው ያለኝ፤ አንድ ቀን ብቻ ነው የሚባለው።»

ይቅርታ ለማለት አፌን ከፈትኩ። «ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» አለችኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ ያን ቀን የተማርኩት ስለ ቡላ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ቡላውንማ ክትባት ላይ ነግረውኝ ነበር። ለሕፃን ልጃችሁ እስከ ስድስት ወሩ ጡት ይበቃዋል፤ ሆዱ ከደረቀም ሳሙናውንም ምኑንም ትታችሁ ወደሚያውቅ ሰው ውሰዱት፤ ስትወስዱት ደግሞ የሰጣችሁትን አትደብቁ። የማን እጅ እንዳለበት መናገር የሚያፍር አፍ ልጅ ያስጎዳል። እኔ አስጎድቻለሁ፤ ሁለት ቀን ሙሉ።

ሌላው ግን ይህ ነው። እኔ አዮን ሁለት ጊዜ ሳልጠይቃት መልሷን ራሴ መለስኩላት። እምቢ ትላለች አልኩ፤ እሷ አጥር ታሳድስ ነበር። ለልጁ ነው የላከችው አልኩ፤ እሷ ለእኔ እንሰት ትፍቅ ነበር። የእናቴ ፍቅር ሦስት ወር ሙሉ ከአልጋዬ ሥር በካርቶን ተቀምጦ፣ እኔ ከበላዩ ተኝቼ እሷን እናፍቃለሁ። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ከምትናፍቋት እናት ጋር ተኳርፋችሁ ከሆነ፣ የምትመልሰውን እናንተ አትመልሱላት፤ ደውሉና ትመልስ። ብትዘጋም በአራተኛው ደውሉ። እኔ አራተኛውን ባልሞክር ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም።

አዮ ያኔ አሥራ አንድ ቀን ተቀመጠች። ዳዊት ዓርብ ሲመጣ በሩ ላይ አግኝታው ጉልበቷን ሊስም ሲያጎነብስ ወደላይ ጎተተችው። ከወር በኋላ፣ ከነልጃችን፣ አራት ሽማግሌ ይዘን ወደ ላይ ወጣን። ሽማግሌዎቹ የሚባለውን ሁሉ አሉላት። እሷም ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ አስባበት ልመልስ ብላ ሻይ እስኪፈላ አስጠበቀቻቸው። ናታን ጭኗ ላይ ተኝቶ ነበር።

አሁን ናታን አራት ዓመቱ ነው። አዮ ጉልበቷን ስለሚያማት እንደ በፊቱ መውረድ አትችልም፤ እኛም ሥራና ትምህርት ይዞን ቶሎ ቶሎ አንወጣም። ስለዚህ ናፍቆቱ አሁንም አለ። ልብስ ሳሰጣ ቀና ብዬ ደመናውን አያለሁ፤ ዛሬ በርዷት ይሆን እላለሁ። ልዩነቱ አሁን ስልኬን አንሥቼ «በርዶሻል?» እላታለሁ፤ እሷም «ሁሌ የሚበርደውን ምን ትጠይቂኛለሽ?» ትለኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ ከናታን ጋር መናኸሪያ ሄደን ከጋሽ ቶማ እሽግ ተቀበልን። እንደ ድሮው የእንሰት ቅጠል፣ እንደ ድሮው በቃጫ የታሰረ፣ እንደ ድሮውም ምንም መልእክት የሌለው። ናታን ባጃጁ ውስጥ እሽጉን አቅፎ አሸተተውና ቀና ብሎ፣ «እማ፣ ለእኔ ነው?» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት። «ትንሽ አቀምስሃለሁ። ግን የእኔ ነው። እናቴ ናት የላከችልኝ።»